ለጥርስ ሄጄ ያለ ጥርስ የተመለስኩበት ጉዞ

በ2015 ዓ.ም. ነበር፤ ያኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ከመሐል ሜዳ ተነስቼ አዲስ አበባ የሄድኩት ጥርስ ላስተክል ነው። ይህን ዕድሩ ሁሉ ያውቃል፤ መርቆ የሸኘኝ እሱ ነው። ያለ ጥርስ ስመለስ ግን ጥያቄው በዛብኝ። በገበያ ይጠይቁኛል፣ በለቅሶ ቤት ይጠይቁኛል። አንዱ «ሐኪሙ አታለለህ እንዴ?» ይላል፣ ሌላው «ፈርተህ ነው» ይላል። ለእያንዳንዱ መመለስ ሰለቸኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ እጄ ከባድ ነው። ቢሆንም ከእርሻ አይከብድም ብዬ ጻፍኩት። ማንበብ የማይችል ያስነብብ።

መጀመሪያ ስለ ጥርሱ ልናገር። የላይኛው ፊት ሦስት ጥርሴ የወለቀው ከዚያ ጉዞ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። በቅሎዬን ስጭን ጭንቅላቷን ወርውራ አፌን አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ስስቅ አፌን በጋቢዬ እሸፍናለሁ። አገሩ ሁሉ መውለቁን ያውቃል፤ ያየው ግን የለም።

የጠራችኝ የመጨረሻ ልጄ ትዕግሥት ናት። አዲስ አበባ የቴሌቪዥን ሥራ ትሠራለች። ምን እንደምትሠራ ግን ለሰው ማስረዳት አልችልም ነበር። አትዘፍንም፣ ዜና አታነብም፣ መልኳም በቴሌቪዥን ታይቶ አያውቅም። «ታዲያ ምን ታደርጋለች?» ሲሉኝ «ትሠራለች» እላለሁ። በስልክ «አባባ፣ ይምጡና ጥርስዎን እናስተክል፤ ሥራዬንም ያያሉ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት አውቶቡሱ ተነሳ። ለትዕግሥት አንድ ጣሳ ቅቤ ይዣለሁ። የአውቶቡሱ ረዳት «አባባ፣ ጣሳውን ጣራ ላይ ልጫንልዎት» አለኝ። ቅቤ ጣራ ላይ አይወጣም ብዬ እንቢ አልኩና ከራሴ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። እኛ አገር ቅቤ በቀትርም እንደ ድንጋይ ነው፤ የሚቆረጠው በቢላ ነው። ሞላሌን አልፈን፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ዋናው መንገድ ገብተን፣ ደብረ ብርሃን ሻይ ጠጣን። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ፀሐዩ በመስታወቱ ገባ፤ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ቀሰቀሰችኝ።

«አባቴ፣ ይቅርታ፣ ቅቤ እየተቀቡ ነው።»

ብነሳ ቅቤው ቀልጦ ከግራ ትከሻዬ እስከ ደረቴ ድረስ ጋቢዬ ላይ ፈሷል። የት ደረስን ብል ሸኖ አሉኝ። የቅቤ አገር ላይ ቅቤዬ ፈሰሰ! አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አፌን ሸፍኜ። ረዳቱ ምንም አላለኝም፤ የጨዋ ልጅ ነው።

ላምበረት መናኸሪያ ትዕግሥት ጠበቀችኝ። ጉልበቴን ስማ ቀና ስትል ትከሻዬን አየች።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤሽ ነው። ግማሹን ለብሼው መጣሁልሽ።»

ከዚያ በሁለት ታክሲ ሄድን። አራት ኪሎን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ትዕግሥት «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች፤ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ወረድን። እዚያ መንገዱ ጠቦ ሰዉ በዝቷል። ሸቀጡ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ሁሉም ለቅሶ የሚደርስ ይመስል ይጣደፋል። እኛ ዘንድ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ይጠያየቃል። እዚያ አንዱን ሰውዬ «እንደምን ዋልክ?» ብለው ዘመዱ መስዬው ደነገጠ።

ትዕግሥት የምትኖረው ከድልድዩ በታች፣ እትዬ ሙሉ የምትባል ሴትዮ ግቢ ተከራይታ ነው። ያ ግቢ ከዚያ ወዲህ ፈርሷል፣ እትዬ ሙሉም ኮንዶሚኒየም ገብታለች ብለውኛል። ድሮ አትክልት ተራ ሽንኩርት ትነግድ የነበረች የጉራጌ ሴት ናት፤ እጇ ሰፊ ነው። ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበችልኝ። እኔ በልቼው አላውቅም።

«ገብስ ነው የለመድኩት» አልኳት።

«ጋሼ ይልማ፣ ገብሱን አገርዎ ሲመለሱ ይበሉታል። እዚህ የእኔን ነው የሚበሉት።»

በልቼ ደገምኩ። የፊት ጥርስ ለሌለውም ይመቻል። ስንተኛ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። እኔ መሬት ይበቃኛል አልኩ። «አልጋው ላይ ካልተኙ እኔም ቆሜ አድራለሁ» ብላ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ግትር ነኝ፤ እሷ ግን በለጠችኝ። ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ጥርስ ሐኪሙ ጋ ሄድን፤ ፒያሳ ላይ ፎቅ ነው። አፌን በመብራት አይቶ «ሰኞ ሦስት ሰዓት ይምጡ፤ ልክ ወስደን እንጀምራለን» አለኝ። ከዚያ አንድ ቡና ቤት ገብተን ባንኮኒው ላይ ቆምን። ቆሞ መጠጣት እኛ ዘንድ ለከብት ነው፤ እዚያ ለጌቶች ነው። አስተናጋጇ «ፋዘር፣ የጾም ማኪያቶ አለ» አለችኝ። ወተት ያልነካው ማኪያቶ ምን ሊሆን ነው ብዬ ሻይ ያዝኩ። ትዕግሥት ሥራዋን ያስረዳችኝ እዚያ ነው።

«አባባ፣ ስምንት ዓመት የካሜራ ገመድ ጎትቻለሁ፣ ካሜራ ተሸክሜያለሁ። አሁን የኮሜዲ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዬ እንድመራ ሰጡኝ። ቅዳሜና እሑድ፣ ሁለት ቀን፣ ያው ቀልድ ያው አዳራሽ እንቀርጻለን። ከዚያ ከሁለቱ የተሻለ የተሻለውን እየወሰድን አንድ እናደርገዋለን። ካማረ የኮንሰርትም ቀረጻ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የእኔ ነው።»

«ካላማረስ?»

«ወደ ገመዴ።»

ከቀትር በኋላ ልምምድ ላይ ወሰደችኝ። አዳራሹ የድሮ ሲኒማ ቤት ነው። እሷ ግን የምትሠራው ውስጥ አይደለም፤ ውጭ በቆመ ትልቅ መኪና ውስጥ ነው። ግድግዳው በሙሉ ትንንሽ ቴሌቪዥን ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ትቀመጣለች። አምስት ካሜራ አለ፤ አምስቱንም የያዙት ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ናቸው፤ እሷ በድምፅ ብቻ ትነዳቸዋለች። «ሁለት፣ ተዘጋጅ… ሁለት! ሦስት፣ ጠጋ፣ ጠጋ፣ በቃህ… ሦስት!» ስትል አገር የሚያየው ይለዋወጣል። አንደኛው ሲያዘግም ድምፅዋን ሳታነሳ በስሙ ትጠራዋለች፤ ወዲያው ይነቃል። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም የማርሰው እንዲሁ ነው፤ ሁለት በሬ፣ አንድ ጅራፍ፣ በስማቸው እየጠራሁ። እሷ አምስት ትጠምዳለች፤ ጅራፍም የላትም።

ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ተጀመረ። ትዕግሥት ስድስተኛው ረድፍ ዳር ላይ ቦታ ይዛልኝ ነበር። በሩ ላይ የቆመው አስተናባሪ ግን ጋቢዬን አይቶ እጄን ያዘና ወደ ፊት ወሰደኝ።

«ቦታዬ ኋላ ነው» አልኩት።

«ፋዘር፣ እርስዎን ከኋላ አስቀምጬ ማን ሊመርቀኝ ነው?»

መጀመሪያው ረድፍ መሐል ላይ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። ስገባ ረድፉ ብድግ አለልኝ፤ «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አልኩ። ክብር ነው፤ ማን ይጠላል? ደስ ብሎኝ ጋቢዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ቀልደኛው ደረሰ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን። ብቻውን ቆሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው ያስቃል። እኛ ዘንድ ሰው የሚያስቅ ሰው ተቀምጦ፣ መጠጥ ይዞ፣ ከሰው ጋር እየተቀባበለ ነው። እሱ የሚቀበለው የለም። ልጁ ግን አዋቂ ነው፤ ስለ ታክሲ ተናገረ፣ ስለ ቤት ኪራይ ተናገረ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እንደ ልማዴም ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ስቤ ሳቅኩ።

ወደ መጨረሻው ላይ «አባቴ አንድ ቀን…» ብሎ ጀመረ። እኔን አየ። ነገሩን ቆረጠው። ከዚያ «ታክሲ ውስጥ ደግሞ…» ብሎ ወደ ታክሲ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሳቁ ቀዘቀዘ። የኋለኛው ረድፍ ላይ ሰው ወንበር እያንቋቋ ሲነሳ ይሰማ ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ደክሞት ነው አልኩ።

ሲያልቅ ሃና የምትባል የትዕግሥት ባልደረባ መጥታ ፊት ለፊት የተቀመጥነውን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳችን። ሥራዋ ዛሬና ነገ እንዲመሳሰሉ መጠበቅ ነው። «ነገ በዚሁ ልብስ፣ በዚሁ ቦታ ተቀመጡልን። ፕሮግራሙ እስኪተላለፍ ድረስም መልካችሁን እንዳትቀይሩ፤ የጎደለ ነገር ካለ እንጠራችኋለን። አንድ ሰው ሁለት ሰው መምሰል የለበትም» አለችን። ቃል ገባን። ትዕግሥት ግን ወደ ቤት ስንወርድ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ወረደች።

እሑድ ጊዮርጊስ አስቀደስኩ። ሌሊት ስነሳ ጋቢዬን ከወንበሩ ላይ አጣሁት፤ እትዬ ሙሉ የሟች ባሏን ካፖርት አለበሰችኝና «ጋቢው አለ፣ አያስቡ» አለችኝ። ቅዳሴ ወጥቼ ግቢ ስገባ ትዕግሥት ለእትዬ ሙሉ ስታወራ ከበሩ ሰማኋት።

«ደረሰ የአባቱን ክፍል ዘለለው እኮ፣ እትዬ! ፕሮግራሙ ማለት ያ ክፍል ነው። ‹ሽማግሌ ፊቱን ሸፍኖ እያዘነ አባቴ ላይ አልቀልድም› አለኝ። አባባን ከቦታቸው እንዳላነሳቸው ትናንት በሁሉም ካሜራ ገብተዋል፤ ዛሬ ወንበሩ ባዶ ከሆነ አይገጥምም። እዚያው ከተቀመጡ ደግሞ ደረሰ አፉ ይያዛል። ለአባባ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ከአገር ድረስ አስመጥቻቸው አልሳቁም።»

ገባሁ። መስማቴን መደበቅ አልችልበትም።

«ማነው ያልሳቀ? ሆዴን አሞኝ ነው ያደርኩት!»

ትዕግሥት ፊቷ ቀላ። «ታዲያ ፊትዎን ለምን ሸፈኑ?»

በጣቴ አፌን አሳየኋት። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ስትመጣ ስትሄድ አይታኝ ፊቴን ለዚህ እንደምሸፍን አታውቅም ነበር። መሬት መሬት አየች። እትዬ ሙሉ ነገሩን ልታቀል ብላ «ለማንኛውም ጋቢዎን አጥቤልዎታለሁ፤ ያ ቅቤ ለቋል» አለች።

ሦስታችንም ዞርን። ጋቢዬ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ውሃው ይንጠባጠባል። እንደ አዲስ ነጭ ነው።

ትዕግሥት ራሷን ያዘች። «እትዬ፣ ምልክቱ! ትናንት የተቀረጸው ከነቅቤው ነው!»

ሃናን በስልክ ጠራቻት፤ ፎቶውን ይዛ መጣች። በፎቶው ከግራ ትከሻዬ እስከ ደረቴ ድረስ ቅቤው እንደ ካርታ ይታያል። እትዬ ሙሉ ጋቢውን በፍም ካውያ መተኮስ ጀመረች፤ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው፤ ጋቢ ወፍራም ነው፣ አልደርቅ አለ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ያን ከሸኖ የተረፈውን ቅቤ አቅልጣ፣ ፎቶውን እያየች፣ ሃና «ወደ ግራ ትንሽ፣ አሁን ወደ ታች» እያለቻት፣ በአውራ ጣቷ ቀባችው።

«ሌሊት ተነስቼ በሳሙና ያለቀስኩበትን!» ትላለች። «ሰው ከሰማ አበደች ይለኛል።»

እርጥቡን ለበስኩት። ቀዘቀዘኝ፤ መንዝ ያደገ ሰው ግን በዚህ አይሞትም። ትዕግሥት «አባባ፣ እኔ ምንም አልልዎትም፤ ደስ እንዳለዎት ይቀመጡ» አለችኝ። ነገሩ ግን አልገባትም። እኔ ማድረግ ያለብኝን አውቄዋለሁ፤ ፈራሁ እንጂ። ቀብር ላይ ያልፈራሁ፣ ጅብ ያልፈራሁ ሰውዬ አፌን መክፈት ፈራሁ። ደግሞ ለአምስት ካሜራ።

ከመጀመሩ በፊት ደረሰ የሚለብስበትን ክፍል አስጠይቄ ገባሁ። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«አባቴ፣ ትናንት ቅር ካሰኘሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ቅር ያሰኘኸኝ ስለዘለልክ ነው። የአባትህን ነገር ጀምረህ ተውከው።»

«እርስዎ ፊትዎን ሸፍነው…»

«ና ወደዚህ። ጠጋ በል። ይኸውልህ የሸፈንኩት።» አፌን ከፈትኩለት።

አየ። ከንፈሩን ነከሰ፤ ጨዋ ነው፣ መሳቅ አልደፈረም።

«ሳቅ እንጂ! በቅሎ ናት እንዲህ ያደረገችኝ፤ እሷም አልሳቀችም። ሥራህ መሰለኝ ሳቅ።»

ያን ጊዜ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «አባቴም ፊቱን የሚሸፍነው ሲቆጣ ነበር» አለኝ። «ለዚያ ነው የደነገጥኩት።»

«አሁን እንዳትነግረኝ። መድረክ ላይ ንገረኝ። እኔ ሳልሸፍን እስቃለሁ፣ አንተ ሳትዘል ትናገራለህ። ተስማማን?»

እጅ ተጨባበጥን።

አስር ሰዓት ላይ በዚያው ወንበር ተቀመጥኩ። የታክሲው ቀልድ መጣ፤ እጄ በራሱ ወደ ጋቢዬ ሄደ። በሌላው እጄ ያዝኩትና ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። እንዲያ ሆኖ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ደረሰ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ፤ አየኝ።

«አባቴ» አለ፤ «ዘበኛ ነበር። ቴሌቪዥን የገዛን ቀን ዜና አንባቢው እንደምን አመሻችሁ ሲል ብድግ ብሎ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› አለው። እኛንም አስነሳን፤ ‹ሰው ቤታችሁ ገብቶ ተጋድማችሁ?› እያለ። እራት ሲቀርብ መጀመሪያ ለዜና አንባቢው ‹እንብላ› ይላል። ሰውዬው ሳይሰናበት ቴሌቪዥን መዝጋት ክልክል ነው። አንድ ሳምንት ሰውዬው ቀረ፤ ሌላ ሰው ያነባል። አባቴ እንቅልፍ አጣ። ‹ቢታመም ነው› አለ። ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዝቶ ቴሌቪዥን ጣቢያው በር ድረስ ሄደ፤ የታመመ ልጠይቅ ብሎ! የበሩ ዘበኛ ‹ዓመት ፈቃድ ወጥቶ ነው› ቢለው፣ አባቴ ተቆጣ፤ ‹ለእኛ ሳይነግረን?›»

እኔ ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ፣ ጎረቤቴ ነው፣ አባቴም ነው። አፌን ከፍቼ፣ ከነክፍተቴ፣ እንባዬ እየፈሰሰ ሳቅኩ። አዳራሹ ሁሉ አብሮኝ ሳቀ። ደረሰ እስኪበርድ ጠበቀና ቀስ ብሎ «ብርቱካኑን ለዘበኛው ሰጥቶት መጣ» አለ። «አሁን አባቴ የለም። ቢኖር ዛሬ ቤቱ ተቀምጦ እኔ እንደምን አመሻችሁ ስል ብድግ ይልልኝ ነበር።» ከመጨረሻው ረድፍ እስከ እኔ ድረስ ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ። እኔም ተነሳሁ።

ሲያልቅ ትዕግሥት ወደ መኪናው ወሰደችኝና የተቀረጸውን አሳየችኝ። አንድ ሽማግሌ፣ ትከሻው ቅቤ፣ አፉ እንደ ተከፈተ በር፣ ይስቃል። አስቀያሚ ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም።

ሃና ሳቀች። «አባባ፣ እዚህ ጋ ልጅዎ ምን እንዳለች ያውቃሉ? ሁልጊዜ ‹ሦስት፣ ፊተኛው ረድፍ› ነበር የምትለው። ያኔ ግን ‹ሦስት፣ አባቴ ላይ!› ብላ ጮኸች። ድምፅዋን ስታነሳ ሰምቻት አላውቅም።»

ትዕግሥት የማዳመጫዋን ገመድ ስትጠቀልል አጎንብሳ ቀረች። አለቃዋ መጥቶ የሚቀጥለውን ወር ኮንሰርት ቀን የነገራት እዚያው ነው፤ እኔ ሳለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፎቁን ወጥቼ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ገባሁ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፤ መብራቱን አበራ።

«ይክፈቱልኝ፤ ልክ እንውሰድ።»

«የመጣሁት ቀጠሮ እንዳላፈርስ ነው» አልኩት። «ጥርሱ ይቅር። በቴሌቪዥን የሚወጣው ሰውዬ ሦስት ጥርስ የለውም፤ አገሬ ስገባ እኔ ነኝ ስል የሚያምነኝ አይኖርም። አንድ ሰው ሁለት ሰው አይመስልም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

ሐኪሙ ግራ ገብቶት መብራቱን አጠፋ። አመሰግነዋለሁ፤ ደግ ሰው ነው። ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ለሚያልፈው ሁሉ አፌን ከፍቼ «እንደምን አደራችሁ» እያልኩ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድኩ።